የሬዲዮኑ አዳፕተር

ሰባት ለዜሮ ተሸነፍኩ። ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ራሴ ልናገረው ብዬ ነው፤ መቱ ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ያሸነፈኝ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ እየተጫወተ የተጠበሰ በቆሎ ይግጥ ነበር። ለእውነቱ፣ በቆሎውን የሚግጠው ኳሷ ከሜዳ ስትወጣ ብቻ ነው። የሚያስወጣት ደግሞ የኔ ቡድን ስለነበረ ልጁ ጥሩ ምሳ በላ።

ነሐሴ ላይ እናቴን ልጠይቅ ከአዲስ አበባ ወርጄ ነው። መንገዱ በጅማ፣ በበደሌ አድርጎ፣ የያዮን የቡና ጫካ ሰንጥቆ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወገብ ያለው ሰው መቱ ሲደርስ ወገብ እንደነበረው ያስታውሳል። የኢሉባቦርን ክረምት የማያውቅ ሰው ዝናብ ሲባል መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ይመስለዋል። እኛ ጋ ዝናብ ባለቤት ነው፤ እንግዳዋ ፀሐይ ናት። ሦስት ቀን ቤት ከዋልኩ በኋላ እናቴ «ምነው፣ ጓደኛ የለህም?» ብላ ስትጠይቀኝ ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ጃንጥላው መቶ ሜትር አላደረሰኝም። ዘልዬ የገባሁበት ጥላ ስር በሩ ላይ መጋረጃ የተሰቀለበት፣ ወለሉ ላይ ለጭቃው ሰጋቱራ የተበተነበት፣ ከውስጥ «ጎል!» የሚባልበት ቤት ነበር። ፕሌይስቴሽን ቤት።

«ጋሼ፣ ተራ ይይዛሉ?» አለኝ ባለ በቆሎው።

ጋሼ! ሰባቱ ጎል ከዚያች ቃል በኋላ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ጎል እሱ ነበር ብል ይሻላል።

ከሽንፈቱ በኋላ ዝም ብዬ ከፍዬ ብወጣ ይህን ወግ የሚያጽፍ ነገር አይኖርም ነበር። (እዚያ ቤት ተሸናፊ ነው የሚከፍለው።) እኔ ግን አፌን ከፈትኩ። «ይሄ ምኑ ጌም ነው? ኳሱን ራሱ ኮምፒውተሩ ነው የሚያቀብልላችሁ። የኛ ጊዜ ጌም ሦስት ነፍስ ይሰጥሃል፤ ሦስቱ ካለቁ አለቀ። ወደ ቤትህ ትሄዳለህ» አልኩ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ዞረብኝ።

ክርክሩ ሲጀመር ሁለት ወገን መስሎኝ ነበር፤ ድሮና ዘንድሮ። ብዙም ሳይቆይ አራት ሆነ። ባለ በቆሎውና ጓደኞቹ የዛሬውን ኳስ ይዘው የተጫዋቹን ላብ፣ የማልያውን እጥፋት፣ የደጋፊውን ዜማ ቆጠሩልኝ። የቤቱ ባለቤት የኔ እኩያ ነው፤ እሱ ደግሞ የፒኤስ ቱ ሰው ሆኖ ተገኘ። «ዊኒንግ ኢለቨንን የሚያህል ኳስ አልተሠራም፣ አይሠራምም» ብሎ ማለ። ባለቤትነቱ አድሎ አለበት፤ ቤቱን የከፈተው በፒኤስ ቱ ነው። ሆኖም ብቻውን አይደለም፤ ያ ማሽን በ2000 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ እኛ አገር ደግሞ አንዱ ማሽን ስንት መቶ ልጅ እንዳጫወተ ማን ቆጠረው? ማልቀስ የሚገባው እሱ ነበር እንጂ እኔ አይደለሁም። የዊኒንግ ኢለቨን ሠሪ ኮናሚ የኳሱን ስም በ2021 ለውጦ ኢፉትቦል ብሎታል፤ ተፎካካሪው ፊፋም በ2023 ስሙን ትቷል። የወጣትነታችን ሁለቱ የደርቢ ቡድኖች ስማቸው እንኳ አልቀረም። ሦስተኛው ወገን ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ «ሳን አንድሪያስን ያልጨረሰ ስለ ጌም አያውራ» አለ፣ በፕሮፌሰር ድምፅ። አራተኛዎቹ ሁለት ልጆች ናቸው፤ ጥግ ላይ ተቀምጠው ስልካቸው ላይ ፍሪ ፋየር ይታኮሳሉ፤ ጨርሶ አልሰሙንም። ለነሱ ፕሌይስቴሽን ራሱ የአያት ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ የቤቱ ባለቤት አንድ ነገር ተናገረ። ስለ ጌም ብዙ አንብቤያለሁ ብዬ የማስብ ሰው ነኝ፤ የዝላይ፣ የተኩስ፣ የድብድብ፣ የእንቆቅልሽ፣ የጉዞና የተረት እያሉ በዓይነት የሚከፋፍሉ ጽሑፎችን አሳድጄ አንብቤያለሁ። እንደሱ ያለ ክፍፍል ግን አላየሁም።

«እኔ ቤት ጌም ሁለት ዓይነት ነው» አለ። «የሚያልቅና የማያልቅ።»

ኳስ ያልቃል። ቴከን ያልቃል። ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ አንዱ ይሸነፋል፣ ይከፍላል፣ ይነሳል፣ ሌላው ይገባል። ሳን አንድሪያስ አያልቅም፤ አንድ ልጅ ይቀመጣል፣ ዐሥር ልጅ በነፃ ያያል፣ አግዳሚው ይሞላል፣ ገንዘቡ የአንድ ሰው ነው። ስለዚህ የማያልቀው በሰዓት ይከፈላል፤ በሰዓት የሚከፍል ልጅ ደግሞ እንደ ጥር ዝናብ አንዳንዴ ነው።

ሳስበው ብዙ ነገር ተፈታልኝ። የኔ ትውልድ የጎሬ፣ የበደሌ፣ የመቱ ልጅ ቴከን ሦስትን ከነጥርሱ ያውቃል፤ ዜልዳን ግን ስሙን እንኳ አልሰማም። የጣዕም ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ለካስ ዜልዳ የማያልቅ ነው። ጨዋታው በ1986 እ.ኤ.አ. በጃፓን ሲወጣ ዋናው ጉዱ ያቆሙበትን ማስቀመጡ ነበር፤ በኋላ በካሴት ሲመጣ ለዚሁ ሲባል ውስጡ ትንሽ ባትሪ ተቀበረለት። እኛ ጋ የደረሱት የቻይና ቅጂ ካሴቶች ባትሪ የሚባል ነገር የላቸውም። ላያቸው ላይ «9999999 ጌም» ተብሎ ተጽፏል፤ ውስጣቸው ያሉት ሃያ ቢሆኑ ነው፤ ያው ማሪዮ አንዴ ከመጀመሪያው፣ አንዴ ከመሃል እየጀመረ በሌላ ስም ይመጣል። ልጅ ሆኜ ቁጥር 4,312 ላይ የተለየ ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ ቅዳሜን ሙሉ የወረድኩበት ጊዜ አለ። የለም፤ ላድናችሁና ልንገራችሁ።

«ታዲያ ያምጡትና እንየዋ!» አለ ባለ በቆሎው። «የድሮውን።»

ቤቱ «አዎ ያምጣው!» አለ። ኢሉባቦር ውስጥ ሰው ፊት ከተናገርክ በኋላ መመለስ ያስቸግራል።

የድሮው ማሽን ጎሬ ነው። ጃፓኖች በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጡት የኒንቴንዶ ፋሚኮም ቅጂ ነው፤ እኛ ቲቪ ጌም ነበር የምንለው። ባለቤቱ የልጅነት ጓደኛዬ ዛሬ ሌላ አገር ነው፤ እናቱ ግን እዚያው አሉ። በማግስቱ ጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። ከመቱ ጎሬ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ወደ ላይ ነው፣ ዝናቡም አብሮ ይወጣል። መስኮቱ አይዘጋም ነበር። ረዳቱ «እጅህን ያዝበት» አለኝ፤ እስከ ጎሬ ክፍተቱን በመዳፌ ሸፍኜ ሄድኩ፤ ቀኝ ጎኔ ሲወርድ ተጨምቆ የሚሰጣ ሆነ።

ጎሬ ስትገባ ጉም አለ። ዛሬ ዝም ያለች ከተማ ናት፤ ሰው አያምንም እንጂ አንድ ጊዜ የአገሪቱ መንግሥት ማረፊያ ነበረች። በባሮ ወንዝ በጋምቤላ በኩል የሚወጣው የምዕራቡ ቡና የሚሰበሰብባት፣ የእንግሊዝ ቆንስላ የተቀመጠባት የንግድ ከተማ ነበረች። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣልያን ስትያዝ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ጥለው ሲወጡ፣ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራ መንግሥት እዚህ ተቀመጠ፤ ራስ እምሩም ወደዚሁ መጡ። ለጥቂት ወራት ነው የቆየው። ባለ በቆሎው ቢጠይቀኝ መንግሥታችን አንዴ ጎሬ ላይ «ሴቭ» ተደርጎ ነበር እለዋለሁ። ፋይሉ ግን ተበላሸ።

የጓደኛዬ እናት፣ እማማ፣ በሩን ከፍተው ካዩኝ በኋላ ረጅም ጊዜ አላወቁኝም። ስሜን ሳይሆን የሰበርኩትን መስኮት ስነግራቸው አወቁኝ። «ያ ኢልመ ኮ!» ብለው አቀፉኝ፤ ከዚያ እርጥቡ ጎኔ ነካቸውና ለቀቁኝ። ቡና ተቆላ። የልጃቸውን ፎቶ አየሁ፣ የልጅ ልጆቻቸውን አየሁ፣ የጠገነላቸውን ጣሪያ ቁመው አሳዩኝ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ጉዳዬን ተናገርኩ።

«ያንን ዕቃ? ለምንህ ነው?»

«ልጆች ላሳይ ነው እማማ።»

«ልጆች አሉህ?»

«የኔ አይደሉም። የሰው ልጆች ናቸው።»

ዐይን ዐይኔን ትንሽ አዩኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ምንም ሳይሉ ተነስተው ጓዳ ገቡ።

ማሽኑ ከቡና ጆንያ ጀርባ ነበር፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ሁለቱም ጆይስቲኮች አሉ፤ ሽጉጡም አለ፤ ዳክዬ የሚተኮስበት። (ሽጉጡ ዛሬ ምንም አይሠራም፤ የሚያነጣጥረው በድሮው ቴሌቪዥን ጨረር እንጂ በዛሬው ስስ መስታወት አይደለም። ስለዚህ ዳክዬዎቹ ለዘላለም ተርፈዋል።) አዳፕተሩ ብቻ የለም። የለም ከማለት ይልቅ ሥራ ላይ ነው ማለት ይሻላል። ከሦስት እስከ ዐሥራ ሁለት ቮልት የሚቀያየረው ያ ዓይነቱ አዳፕተር የእማማ ሬዲዮን ላይ ተሰክቶ፣ ስድስት ላይ ተደርጎ፣ ስንት ዓመት ዜና ሲያሰማ ኖሯል።

«ለዛሬ ብቻ አውስሃለሁ» አሉኝ። «የማታው ዜና ሳይጀምር አምጣልኝ።» የማታው ዜና ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቃል ገባሁ። ቀኑ አምስት ሰዓት ስለነበር ቃሌ ሰፊ መሰለኝ።

ችግሩ መቱ ላይ ጠበቀኝ። የፕሌይስቴሽን ቤቱ ቴሌቪዥኖች ሁሉ ስስ ናቸው፤ የኛ ማሽን ደግሞ የሚነጋገረው በአንቴና ገመድ ነው፤ እንደ ቴሌቪዥን ጣቢያ ተፈልጎ ነው የሚገኘው። የቤቱ ባለቤት ገመዱን አገላብጦ አየና እንደ ዶክተር ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በየሱቁ ዞርኩ። ስልክ ጠጋኙ ሳቀብኝ። በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ ጋ አንድ ከኋላው ሆዱ የተነፋ የድሮ ቴሌቪዥን ተገኘ፤ መስታወት ማስቀመጫ ሆኖ ነበር። ሊሰጠኝ ተስማማ፤ በሁለት ቅድመ ሁኔታ። ተሸክሜ ልወስድ፣ ፀጉሬንም ልቆረጥ። ፀጉሬ ብዙ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ምንም። ቴሌቪዥኑን በዝናብ ውስጥ በላስቲክ ሸፍኜ፣ አንገቴ ራቁቱን፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ፣ ሦስት ባጃጅ «አይጭንም!» እያለኝ ስሄድ ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር የምመልሰው ነገር አልነበረኝም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማሽኑ ተሰካ። ቮልቱን ከስድስት ወደ ዘጠኝ አዞርኩ። ካሴቱን ከተትኩ፤ ስክሪኑ ግራጫ ሆነ። አወጣሁት፣ እንደ ድሮው ከስሩ እፍ አልኩበት፣ መለስኩት። ምንም። እንደገና እፍ። በኋላ እንዳነበብኩት እፍ ማለታችን ትርፉ ምላሳችንን ማድረቅ ነበር፤ የሚያሠራው ካሴቱን አውጥቶ መልሶ ማስገባቱ ነው፤ ትንፋሻችን እንዲያውም ብረቱን ያዝግ ነበር። ይህን እያወቅሁም አራተኛው እፍ ላይ ሲሠራ፣ በትንፋሼ ነው ብዬ አመንኩ።

ዜማው ሲጀምር የቤቱ ባለቤት ዐይን ረጠበ። ልጆቹ ሳቁ። «ሰውየው የተሠራው በጡብ ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

ባለ በቆሎው ጆይስቲኩን ያዘ። ማሪዮ ቆመ። ልጁም ቆመ።

«ምን ላድርግ? አይነግርም?»

«አይነግርም።»

የዘንድሮ ጌም ግማሽ ሰዓት እጅህን ይዞ ይወስድሃል፤ ይህን ተጫን፣ ጎበዝ፣ አሁን ያንን ተጫን። ሺጌሩ ሚያሞቶ በ1985 እ.ኤ.አ. ይህንን ሲሠራ አንዲት እንጉዳይ የመሰለች ፍጡር ከቀኝ ልኮ ተወው። ልጁ ሊያናግራት ይመስል ጠበቃት። ነካችው፤ ሞተ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሰባት ለዜሮ ጌታ፣ በሦስተኛው ሴኮንድ፣ በእንጉዳይ! ሁለተኛ ሞተ። ሦስተኛው ላይ ዘለላት። ተራዬ ሲደርስ በትዕቢት ሮጬ የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ጣቴ ጉድጓዱ የት እንዳለ ያውቃል፤ መቼ እንደሚዘለል ረስቷል።

ክብሬን ላስመልስ ብዬ ኮንትራ የሚባለውን ጌም ከፈትኩ። «እዩ፣ ሠላሳ ነፍስ የሚሰጥ ምስጢር አለ» አልኩ። ወደ ላይ ሁለቴ፣ ወደ ታች ሁለቴ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። ይህን ቅመራ የፈጠረው ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የተባለ የኮናሚ ሰው ነው፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ግራዲየስ የሚባለውን ጨዋታ ሲያዘጋጅ ራሱ ሊጨርሰው አልቻለም፤ ለራሱ የሠራት ማጭበርበሪያ ነች። ከጃፓን ኢሉባቦር በወረቀት አልመጣችም፤ በአፍ ነው የደረሰችን፤ እንደ ተረት እየተጨመረባት። የጎሬ ልጆች መጨረሻ ላይ «ስታርት ሁለቴ» ይሉ ነበር፤ እኛ የመቱዎቹ ቴሌቪዥኑን በግራ ጎኑ መታ ማድረግ እናክልበት ነበር። ሞከርኩ፤ ሦስት ነፍስ። እንደገና፤ ሦስት። ቴሌቪዥኑን መታሁት፤ ሥዕሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ተቀየረ። የፀጉር አስተካካዩ ቴሌቪዥን መሆኑ ትዝ ሲለኝ አቆምኩ።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ይዤ ነበር። ባለ በቆሎው በኔ ውድቀት መሃል ወደ ማሪዮ ተመልሶ፣ በሃያኛው ይሁን በሠላሳኛው ሙከራ፣ የምድር ውስጡ ደረጃ ላይ ደረሰ። በጆሮው «ጣሪያውን ውጣበት» አልኩት።

«ጣሪያው ላይ?»

«ሰብረህ ውጣ። ከዚያ ዝም ብለህ ቀጥል።»

ወጣ። ከስክሪኑ ጫፍ በላይ፣ ነጥቦቹ በተጻፉበት ላይ ማሪዮ መራመድ ሲጀምር ቤቱ ጸጥ አለ። ፍሪ ፋየር የሚጫወቱት ሁለቱ ልጆች ቀና አሉ። መጨረሻው ላይ ሦስት ቧንቧ ተገኘ፤ ባለ ቁጥር አራቱ ውስጥ ገባ፤ አራተኛው ዓለም። ከስምንቱ ግማሽ! የጮኸው ሰው ብዛት ለሰባቱ ጎል ከተጮኸው ይበልጥ ነበር፤ እኔ ቆጥሬያለሁ። አሁን ሁሉም ይመክራል፤ «ዝለል»፣ «ጠብቅ»፣ «ደመና ላይ ያለው ኤሊ ይወረውርብሃል»። አንዲት ነፍስ ቀርታዋለች። ሰዓቴን አየሁ። አንድ ሰዓት ከአርባ። እማማ! «ልጄ፣ አዳፕተሩን...» አልኩ። ልጁ ዞሮ ሳያየኝ «ጋሼ፣ አንዴ!» አለ፤ ይህቺኛዋን ጋሼ ያህል ጣፋጭ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

መብራት ሄደ።

ከመቱ ብዙ የማይርቀው የሶር ወንዝ ፏፏቴ አለው፤ አምስት ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኃይል ጣቢያም አለው። በዝናብ ማታ የወንዙን ጉልበት እያሰብክ በጨለማ መቀመጥ የመቱ ልጅ የተለማመደው ነገር ነው።

«ሴቭ አድርጎታል አይደል?» አለ ባለ በቆሎው ከጨለማው ውስጥ።

«አያደርግም።»

«ስለዚህ መብራት ሲመጣ?»

«ከእንጉዳይዋ።»

ዝምታው ረዘመ። ከዚያ የቤቱ ባለቤት የስልኩን መብራት አብርቶ ደብተር አወጣ። «ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተጫውታችኋል» አለ ወደኔ ዞሮ። «የማያልቅ ጌም ነው፤ በሰዓት ነው የሚታሰበው።» ተከራከርኩ፤ ማሪዮ ሠላሳ ሁለት ደረጃ ያለው፣ የሚያልቅ ጌም ነው አልኩ። «እኔ ቤት ገና አላለቀም» አለ። ከፈልኩ። ስልኬ ጮኸ፤ እማማ ነበሩ።

«ዜናው ሊጀምር ነው።»

«እማማ፣ መብራት ሄዶ... እናንተ ጋ አለ?»

«መብራትማ አለ። ሬዲዮኑ ነው የሌለው።»

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ፤ መስኮቱ ያው ነው፣ መዳፌም ያው። እማማ ምንም አላሉኝም፤ ይህ ከቁጣ ይብሳል። ረከቦቱ ቀርቧል፣ ስኒዎቹ ተደርድረዋል፣ ቡናው ሊቀዳ ነው። አዳፕተሩን ከእጄ ተቀብለው ወደ ሬዲዮኑ ሄዱ። ሲሰኩት እያየሁ ነበር ቮልቱ ዘጠኝ ላይ መሆኑ ትዝ ያለኝ። አፌ እንቢ አለ፤ እግሬ ግን በሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ከመቱ ጀምሮ ሲያቅተው የነበረውን ነገር ትክክለኛ ጊዜው ላይ አደረገው። ዘለልኩ። በረከቦቱ በላይ አልፌ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። የኋላ እግሬ ግን አላለፈም።

ሬዲዮኑ ደህና ነው። ስኒዎቹ ስድስት ነበሩ።

እማማ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን ለቀሙ፣ ቮልቱን ወደ ስድስት መለሱ፣ ዜናውን ከፈቱ። ከዚያ የተረፉትን ስኒዎች አንድ በአንድ እያቆሙ፦

«ሦስት ቀሩህ» አሉኝ።